ያልተጻፈ የሥራ ውል አሠሪውን ያስራል እንጂ አይፈታም

አንድ ነጋዴ ከአከፋፋይ ዘንድ ሃያ ኩንታል ስኳር በተረከበ ጊዜ ደረሰኙን ሳይዝ አይወጣም። መጋዘን በሚከራይበትም ጊዜ የኪራዩ ውል ተጽፎ፥ ምስክሮች ፈርመውበት ካልተጠናቀቀ ቁልፉን አይቀበልም። ገንዘቡን ወደ ባንክ ባስገባ ጊዜ ማኅተም የተመታበትን ቅጠል በጥንቃቄ አጥፎ በኪሱ ያኖራል። ይኸው ጠንቃቃ ነጋዴ ግን ሱቁን ከፍቶ የሚዘጋለትን፥ የገንዘብ ሣጥኑን የሚይዝለትንና ደንበኛውን በእርሱ ስም የሚያስተናግድለትን ሰው በሚቀጥርበት ጊዜ «ከሰኞ ጀምረህ ግባ፤ በወር ይኸን ያህል እከፍልሃለሁ» ከማለት በቀር አንዳች ጽሑፍ አያዘጋጅም። ለስኳሩ የተጻፈው ወረቀት ለሰውየው ሳይጻፍለት ይቀራል።

ይህ ልማድ ከቸልተኝነት ብቻ የመጣ አይመስለንም። ብዙዎች ነጋዴዎች በልባቸው የያዙት አንድ ዐሳብ አለ፤ ይኸውም «ወረቀት ካልፈረምሁ ሕጉ አያገኘኝም፤ ሠራተኛው ባልተስማማኝ ቀን የወሩን ሒሳብ ሰጥቼ አሰናብተዋለሁ» የሚል ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ዐሳብ ፈጽሞ የተገለበጠ መሆኑን ማስረዳት ነው። በአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ መሠረት፥ ወረቀቱ ዝም ባለበት ስፍራ ሁሉ ሕጉ ራሱ ይናገራል፤ በሚናገርበትም ጊዜ የጠበቀውን ግዴታ የሚያኖረው በአሠሪው ላይ ነው። ስለዚህ ውሉን ሳይጽፍ የቀረ ነጋዴ ሕጉ ሊፈቅድለት ይችል የነበረውን ነጻነት በገዛ እጁ የጣለ ሰው ነው።

በመጀመሪያ የሥራ ውል ማለት ምን እንደ ሆነ መረዳት ያስፈልጋል። ዛሬ የሚሠራበት በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 እንደሚለው፥ አንድ ሰው ደመወዝ እየተከፈለው በአሠሪው መሪነት ለተወሰነ ወይም ላልተወሰነ ጊዜ፥ ወይም አንድን የተለየ ሥራ ለመሥራት በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ሲስማማ የሥራ ውል ተቋቁሟል ይባላል። በዚህ ትርጓሜ ውስጥ ሦስት ነገሮች ይገኛሉ፤ እነዚህም ሥራው፥ ደመወዙና የአሠሪው መሪነት ናቸው። ከሦስቱ ሁሉ ሠራተኛን ከሌላ ሰው የሚለየው ሦስተኛው ነው። ለምሳሌ የሱቁን መብራት ሊጠግን የመጣ የኤሌክትሪክ ባለሙያ በራሱ መሣሪያ፥ በራሱ ሰዓትና በራሱ ኀላፊነት የሚሠራ እንደ መሆኑ መጠን የነጋዴው ሠራተኛ አይባልም። በየማለዳው በሁለት ሰዓት ግባ፥ ይኸን አንሣ፥ ያን አኑር እየተባለ የሚታዘዘው ልጅ ግን ስሙ «ረዳት» ቢባል ወይም «ልምድ የሚቀስም» ቢባል በሕግ ፊት ሠራተኛ ነው።

በዚህ ረገድ ሁለት ስሕተቶች ዘወትር ይታያሉ። አንደኛው የሱቅ ሠራተኛን «ሥራ አስኪያጅ» ብሎ በመሰየም ከአዋጁ ውጭ ማድረግ ይቻላል ብሎ ማሰብ ነው። እርግጥ ነው፥ አዋጁ የሥራ መሪዎችን አይመለከትም፤ ነገር ግን የሥራ መሪ የሚባለው የድርጅቱን የአመራር ፖሊሲ የማውጣትና የማስፈጸም፥ ወይም ሠራተኞችን የመቅጠር፥ የማዛወር፥ የማገድና የማሰናበት ሥልጣን በእውነት የተሰጠው ሰው ነው። ያለ ሥልጣን የሚሰጥ ስም ምንም አይለውጥም። ሁለተኛው ስሕተት ለቤት አገልግሎት የተቀጠረችን ሴት ከሱቅ ወይም ከምግብ ቤት አገልግሎት ጋር ማደባለቅ ነው። ከአዋጁ ውጭ የተደረገው የግል አገልግሎት ለትርፍ ሥራ ያልሆነው ብቻ ነውና፥ በምግብ ቤቱ ውስጥ እንድታበስልና እንድታስተናግድ የታዘዘች ሴት «የቤት ሠራተኛ ናት» በሚል ቃል ከመብቷ ልትገለል አይገባትም።

ከዚህ ቀጥሎ ወደ ዋናው ነገር እንገባለን። የሥራ ውል የሚጸናው በጽሑፍ ሲደረግ ብቻ ነውን? አይደለም። ሕጉ ለሥራ ውል የተለየ ፎርም እንደማያስፈልገው በግልጽ ይናገራል። በቃል የተደረገው ስምምነት በጽሑፍ እንደ ተደረገው ሁሉ የጸና ውል ነው። ከዚህም በላይ፥ ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር የያዘ፥ በፊርማው የተረጋገጠ ጽሑፍ ለሠራተኛው የመስጠት ግዴታ አለበት። አሠሪው ይህን ሳይፈጽም ቢቀር ሠራተኛው ከመብቱ አንዱንም አያጣም። እንግዲህ ወረቀት አለመጻፍ ከግዴታ ያድናል ብሎ ያሰበ ሰው የመጀመሪያውን ግዴታ በማፍረስ መጀመሩ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ የውሉ ዘመን ነው። ሕጉ ማናቸውም የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደ ተደረገ ይቈጥረዋል፤ በተወሰነ ጊዜ ወይም በተወሰነ ሥራ ሊደረግ የሚችለው በአዋጁ በተዘረዘሩት ምክንያቶች ብቻ ነው። ከእነዚህም ውስጥ በሕመም ወይም በፈቃድ ለጊዜው የተለየን ሠራተኛ መተካት፥ ከተለመደው በላይ የበዛ ሥራ ሲያጋጥም ማቃለል፥ ጉዳት እንዳይደርስ በአስቸኳይ የሚፈጸም ሥራ፥ በየወቅቱ የሚመጣ ሥራና ተለይቶ የታወቀ አንድ ሥራን መፈጸም ይገኙባቸዋል። ለዐውደ ዓመት ገበያ ሦስት ተጨማሪ ሻጮች የሚያስፈልጉት ነጋዴ እንግዲህ የሚሻው በር አልተዘጋበትም፤ ምክንያቱንና ዘመኑን ጽፎ ሊቀጥር ይችላል። ሳይጽፍ የቀጠረ እንደ ሆነ ግን የበዓሉ ገበያ ካለፈ በኋላ «ለጊዜው ነበር» ማለቱን የሚያስረዳለት ምን አለ? ዓመቱን በሙሉ ለሚሠራው ቋሚ ሥራ በየዓመቱ የሚታደስ የአንድ ዓመት ውል ማስፈረምም ከዚህ የተሻለ መጠጊያ አይሆንም፤ ውሉን የተወሰነ ጊዜ ውል የሚያሰኘው የሥራው ጠባይ ነውና።

ሦስተኛው የሙከራ ጊዜ ነው። አዲስ የተቀጠረ ሰው ለሥራው ተስማሚ መሆኑን መርምሮ ለማወቅ ሕጉ ለአሠሪው እስከ ስድሳ የሥራ ቀን የሚደርስ ጊዜ ሰጥቶታል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሠራተኛው ለሥራው ተስማሚ ሆኖ ካልተገኘ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ሥራ ስንብት ክፍያ ሊያሰናብተው ይችላል። ለአንድ አነስተኛ ነጋዴ ይህ እጅግ የሚጠቅም መብት ነው። ሆኖም መብቱ የሚገኘው የሙከራው ስምምነት በጽሑፍ የተደረገ እንደ ሆነ ብቻ ነው። ስለዚህ በቃል የቀጠረ ነጋዴ ከመጀመሪያይቱ ቀን አንሥቶ በእጁ ያለው የሙከራ ሠራተኛ ሳይሆን ሙሉ ሠራተኛ ነው። «ሁለት ወር ልየው ብዬ ነበር» የሚለው ቃል ከዳኛ ፊት ብዙ አይራመድም።

አራተኛው የጥፋትና የስንብት ነገር ነው። በሱቆቻችን ዘወትር የሚሰማው ቅሬታ «ልጁ ያረፍዳል፥ ይቀራልም» የሚል ነው። ሕጉ ይህን ቅሬታ ሰምቶ መልስ ሰጥቶበታል፤ በስድስት ወር ጊዜ ውስጥ ስምንት ጊዜ ያረፈደ፥ ወይም በስድስት ወር ውስጥ በጠቅላላው አምስት ቀን ያለ ፈቃድ የቀረ ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ሊሰናበት ይችላል። ይህ የሚሆነው ግን በጽሑፍ እየተነገረው ሲደጋግም ነው። በቍጣ የተነገረ ቃል ቢበዛም እንደ ጽሑፍ አይቈጠርም። አሠሪውም የስንብቱን ምክንያትና ቀን በጽሑፍ መግለጽ ይገባዋል፤ ደግሞም ጥፋቱን ካወቀበት ቀን አንሥቶ በሠላሳ የሥራ ቀን ውስጥ ካልተጠቀመበት ያለ ማስጠንቀቂያ የማሰናበት መብቱ ይቀራል። የመጋቢትን ጥፋት በቂም አኑሮ በመስከረም የሚያሰናብት ነጋዴ ጥፋተኛው እርሱ ሆኖ ይገኛል።

ይህ ሁሉ በገንዘብ ሲተመን ምን ያህል እንደሚሆን በምሳሌ እናሳይ። የቀን ደመወዙ 200 ብር፥ የወሩ 6,000 ብር የሆነ አንድ የሱቅ ሠራተኛ ሰባት ዓመት ሙሉ ካገለገለ በኋላ አሠሪው በአንድ ቀን ንዴት «ውጣ» አለው እንበል። የተጻፈ ማስጠንቀቂያ የለም፤ የተጻፈም ምክንያት የለም። ፍርድ ቤት ስንብቱ ከሕግ ውጭ ነው ብሎ ሠራተኛው ወደ ሥራው እንዲመለስ ሊያዝ ይችላል። በካሣ ይሰናበት ካለም፥ ሠራተኛው ጡረታ የማግኘት መብት ላይ ያልደረሰ ሲሆን፥ የሥራ ስንብቱ ክፍያ ለመጀመሪያው ዓመት የሠላሳ ቀን ደመወዝ፥ ማለት 6,000 ብር፥ ለቀሩት ስድስት ዓመታት በየዓመቱ የዚያ ሲሶ፥ ማለት 12,000 ብር፥ በድምሩ 18,000 ብር ይሆናል። የካሣው መጠን የቀን ደመወዙ 180 እጥፍ ስለ ሆነ 36,000 ብር ነው። ከአንድ ዓመት በላይ እስከ ዘጠኝ ዓመት ላገለገለ ሠራተኛ የማስጠንቀቂያው ጊዜ ሁለት ወር ነውና የዚህ ደመወዝ 12,000 ብር ይጨመርበታል። ጠቅላላው 66,000 ብር፥ ማለት የአሥራ አንድ ወር ደመወዝ ሆነ። ክፍያው ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ በሰባት የሥራ ቀን ውስጥ ካልተፈጸመ ደግሞ ፍርድ ቤት እስከ ሦስት ወር ደመወዝ የሚደርስ ተጨማሪ ሊያስከፍል ይችላል። የአንዲት ጠዋት ንዴት የአንድ ዓመት ትርፍ ልትበላ እንደምትችል ከዚህ ይታያል።

ሠራተኛው በሥራ ላይ ሳለም ጽሑፍ የሚያስፈልግባቸው ነገሮች ብዙዎች ናቸው። በሱቆች ዘንድ የሒሳብ ጕድለት በተገኘ ቍጥር ከሠራተኛው ደመወዝ መቍረጥ የተለመደ ነው። ሕጉ ግን በሕግ፥ በኅብረት ስምምነት፥ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልሆነ፥ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ካልተስማማ በቀር ከደመወዝ መቍረጥን ይከለክላል፤ በሚፈቀድበትም ጊዜ በአንድ ጊዜ የሚቈረጠው ከወር ደመወዙ ሲሶ አይበልጥም። የትርፍ ሰዓት ሥራም እንዲሁ ነው። መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ስምንት፥ በሳምንት አርባ ስምንት ሰዓት ነው። ከዚህ በላይ የሚሠራው ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ ከሆነ የሰዓቱ ደመወዝ በአንድ ተኩል፥ በሌሊት ከሆነ በአንድ ከሦስት ሩብ፥ በሳምንት ዕረፍት ቀን በሁለት፥ በሕዝብ በዓል ቀን በሁለት ተኩል እየተባዛ ይከፈላል። የመግቢያና የመውጫ ሰዓት መዝገብ የሌለው ሱቅ የትርፍ ሰዓት ክስ በተነሣበት ጊዜ የሚያቀርበው መከላከያ አይኖረውም። የዓመት ፈቃድም ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት አሥራ ስድስት የሥራ ቀን ሲሆን፥ ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርበታል። ሠራተኛው ይህን መብት ለመተው ቢስማማ ስምምነቱ ዋጋ የለውም። ፈቃዱን የሰጠ፥ ነገር ግን ያልመዘገበ አሠሪ ግን እንዳልሰጠ ሊቈጠርበት ይችላል።

ድርጅት ለመግዛት የሚያስቡ ነጋዴዎችም አንድ ነገር እንዲያስተውሉ ያስፈልጋል። የድርጅት ባለቤትነት ለሌላ መተላለፉ የሥራ ውልን አይለውጥም። ስለሆነም ሱቁን ከነዕቃው የሚገዛ ሰው ሠራተኞቹን ከነአገልግሎት ዘመናቸው ይረከባል። ሻጩ የቅጥር ደብዳቤ ያልጻፈ ከሆነ፥ ገዢው ምን ያህል ዕዳ አብሮ እንደ ገዛ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

በዚህ ላይ የሚቀርቡ መቃወሚያዎች መኖራቸውን እናውቃለን። አንዳንዱ «የቀጠርሁት የእኅቴን ልጅ ነው፤ ከዘመድ ጋር በወረቀት መነጋገር ነውር ነው» ይላል። ይህ ስሜት የሚከበር ነው። ሆኖም ዘመድ ከዘመድ ጋር በገንዘብ የተጣላ እንደ ሆነ ጠቡ ከባዕድ ይልቅ የመረረ እንደሚሆን ሁሉም ያውቃል። ወንድማማቾች ርስት ሲካፈሉ ሽማግሌ የሚያስቀምጡት ስለማይዋደዱ ሳይሆን መዋደዳቸው እንዲቈይ ነው። ለእኅት ልጅ የሚሰጠው የቅጥር ደብዳቤም እንደዚሁ የዝምድናው መጠበቂያ ነው። በተለይም ከገጠር መጥቶ በዘመድ ቤት እየበላና እያደረ ሱቅ የሚጠብቅ ልጅ ደመወዙ ምን እንደ ሆነ ሳይነገረው ዓመታት እንደሚያልፉ እናያለን። ምግቡና ማደሪያው ደመወዙ ነውን? ወይስ ስጦታ ነው? ይህ ጥያቄ በመጀመሪያው ሳምንት በአንድ መስመር ሊመለስ ሲችል፥ ከአምስት ዓመት በኋላ በችሎት አደባባይ ሲጠየቅ ሁለቱንም ያዋርዳል። ልጁ ዕድሜው ከአሥራ አምስት ዓመት በታች ከሆነ ደግሞ መቅጠሩ ራሱ ክልክል መሆኑን መርሳት አይገባም።

ሌላው ደግሞ «እኔ ሁለት ሠራተኛ ብቻ ያለኝ ትንሽ ነጋዴ ነኝ፤ ይህ ለፋብሪካዎች የወጣ ሕግ ነው» ይላል። አዋጁ ግን ይህን ልዩነት አያደርግም፤ አንድ ሠራተኛ ያለውም ሆነ አንድ ሺህ ያለው አሠሪ ነው። እንዲያውም የሚጎዳው ትንሹ ነው። ትልቁ ድርጅት የአስተዳደር ክፍልና የሕግ ዐዋቂ ስላለው ስሕተቱን በጊዜው ያርማል፤ ትንሹ ነጋዴ ግን ስሕተቱን የሚያውቀው መጥሪያ በደረሰው ቀን ነው። ይህ ሕግ ለትንሽ ነጋዴ ከባድ ነው የሚሉትን ወገኖች ፈጽመው ተሳስተዋል አንልም። ከባድ የሚሆነው ግን ሕጉ የሰጠውን ማቃለያ፥ ማለት የሙከራውን ጊዜ፥ የተወሰነውን ውልና የጽሑፍ ማስጠንቀቂያውን ላልተጠቀመበት ሰው ነው።

ይህም ትናንት የመጣ ነገር አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ሥራ ውል በሰፊው ደንግጓል፤ በ1956 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 210 ተከተለው። ከዚያም በ1968፥ በ1985፥ በ1996ና በመጨረሻም በ2011 ዓ.ም. አዋጆች ተተካክተዋል። መንግሥታት ተለዋውጠዋል፥ የኢኮኖሚውም ሥርዓት ከአንዱ ወደ ሌላው ተዛውሯል፤ ሠራተኛን በቃል ቀጥሮ በቃል ማሰናበት ግን ዛሬም በብዙ ሱቆች እንደ ነበረ አለ። ሕጉ ስድሳ ዓመት ያህል ሲጠብቀን ቈይቷልና እኛ ልንደርስበት ይገባናል።

የሚያስፈልገው ወረቀትም ረጅም አይደለም። የአሠሪው ስምና አድራሻ፥ የሠራተኛው ስም፥ ዕድሜና አድራሻ፥ የሥራው ዓይነትና ስፍራ፥ የደመወዙ መጠን፥ የሚታሰብበት መንገድና የሚከፈልበት ጊዜ፥ የውሉ ዘመን፥ ሙከራ ካለ የሙከራው ጊዜ፥ በመጨረሻም የሁለቱ ፊርማ፤ ይህ ሁሉ በአንድ ገጽ ይጠቃለላል። ከዚህ ጋር የደመወዝ፥ የፈቃድና የሰዓት መዝገብ መያዝ፥ ሠራተኛውንም በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ማስመዝገብ ያሻል። ለጡረታው አሠሪው ከደመወዙ በመቶ 11፥ ሠራተኛው በመቶ 7 የሚያዋጡ ሲሆን፥ ያልተመዘገበ ሠራተኛ በእርጅናው ባዶ እጁን እንደሚቀር አሠሪው ሊያስብበት ይገባል። ውሉ በሁለት ቅጂ ተዘጋጅቶ አንዱ ለሠራተኛው ይሰጥ። ማንበብ የማይችል እንደ ሆነ የሚያምነው ሰው ባለበት ይነበብለት።

የንግድ ምክር ቤቶቻችን የዚህን አንድ ገጽ ናሙና በአማርኛና በየአካባቢው ቋንቋ አዘጋጅተው የንግድ ፈቃዱን ለሚያድስ ነጋዴ ሁሉ ቢያድሉት፥ ከብዙ ስብሰባና ከብዙ ንግግር የበለጠ ጥቅም ይሰጣል ብለን እናምናለን። ለሠራተኛውም ቢሆን መብቱን የሚያውቅበት፥ ከደላላና ከወሬ የሚድንበት ወረቀት ይሆንለታል። ግዴታውን ጽፎ የሰጠ አሠሪ የሠራተኛውንም ግዴታ ጽፎ መጠየቅ ይችላል፤ የመግቢያውን ሰዓት፥ የዕቃውን አያያዝ፥ የሒሳቡን ርክክብ ሁሉ።

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ሲሉ የተናገሩት ለእውቀት ብቻ አልነበረም። ዛሬ ይህን ጽሑፍ የሚያነብ ነጋዴ ሱቁ ገብቶ ሠራተኞቹን ይቍጠር፤ ከእነርሱም መካከል ስንቱ የተፈረመ ወረቀት በእጁ እንዳለው ይጠይቅ። የሌለው ከተገኘ ጊዜው ገና አላለፈም። ሠራተኛው ከተጀመረበት እውነተኛ ቀን አንሥቶ ያገለገለው ዘመን ሳይሸራረፍ ተጽፎ ሁለቱም ይፈርሙበት። ሰላም ባለበት ቀን የተጻፈ ወረቀት ጠብ በሚመጣበት ቀን ከጠበቃም ከምስክርም ይልቅ ይረዳል።